በሬይድ በተደራጀ ሰርቨር ላይ ዲስክ ሲበላሽ፦ የምርመራው ቅደም ተከተልና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

1. መግቢያ

የተማሪዎች ውጤት፣ የመምህራን የግል ማኅደር፣ የንብረትና የሒሳብ መዝገብ ቀደም ባሉት ዓመታት በብረት ሣጥንና በመደርደሪያ ይቀመጥ እንደነበር የታወቀ ነው። ዛሬ ግን በብዙ ኮሌጆችና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ይኸው መዝገብ ሰርቨር በሚባለው ማዕከላዊ ኮምፒዩተር ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር አማካይነት መሰጠቱም የትምህርት ሥራ በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ያለው ጥገኝነት ምን ያህል እየጨመረ እንደመጣ ያስረዳል።

መዝገቡ በወረቀት ላይ በነበረበት ጊዜ መደርደሪያ ቢወድቅ ወረቀቱ ከወለል ላይ ይለቀም ነበር። በዲስክ ላይ የተቀመጠ መዝገብ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ የሚለቀም ነገር አይገኝለትም። ይህንን አደጋ ለመቀነስ በሰርቨር ውስጥ በርካታ ዲስኮች በአንድነት ተደራጅተው አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ሥራውን እንዲቀጥሉ ይደረጋል፤ ይኸውም ሬይድ በመባል የሚታወቀው ሥርዓት ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለኮምፒዩተር መሐንዲሶች ሳይሆን፣ በየተቋማቸው የሰርቨር ክፍልን ቁልፍ ተረክበው ለሚሠሩ መምህራንና ለእነዚህ መሣሪያዎች በጀት ለሚይዙ የፕላን ባለሙያዎች ነው። ሊያስጨብጥ የሚፈልገውም አንድ ዋና ሐሳብ አለ። በሬይድ በተደራጀ ሰርቨር የመጀመሪያው ዲስክ መበላሸት ብቻውን መረጃን አያጠፋም። መረጃው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ ነገሩን በወጉ ሳይመረምሩ በችኮላ በሚወሰድ እርምጃ ነው። ስለሆነም ሊጠና የሚገባው የዲስኩ አወዳደቅ ብቻ ሳይሆን የሰውም አደራረግ ነው።

2. የሬይድ ሥርዓት መነሻና አሠራር

የሬይድን ሐሳብ በስሙ አስተዋውቀው ያስፋፉት በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ናቸው። እነዚህ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጥናት፣ ለትላልቅ ኮምፒዩተሮች የሚሠራውን አንድ ውድ ዲስክ ከመግዛት ይልቅ ርካሽ የሆኑ ትናንሽ ዲስኮችን አሰባስቦ መጠቀም እንደሚሻል አስረዱ። ነገር ግን የዲስኮች ቁጥር በበዛ መጠን ከመካከላቸው አንዱ የመበላሸቱ ዕድል አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ከመረጃው በተጨማሪ፣ የጠፋውን ለመተካት የሚያስችል ትርፍ መረጃ በዲስኮቹ ላይ አብሮ መጻፍ አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ትርፍ መረጃ ፓሪቲ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ «ማካካሻ» እንለዋለን። አሠራሩን በማንኛውም የሒሳብ ክፍል በሰሌዳ ላይ ማሳየት ይቻላል። አራት ዲስኮች አሉ እንበል። በመጀመሪያው ላይ 7፣ በሁለተኛው ላይ 4፣ በሦስተኛው ላይ 9 ተጽፏል። በአራተኛው ላይ ደግሞ የሦስቱ ድምር፣ ማለትም 20፣ ተቀምጧል። ሁለተኛው ዲስክ ቢበላሽ ከ20 ላይ 7ን እና 9ን ስንቀንስ የጠፋው ቁጥር 4 መሆኑን እናገኛለን። ሁለተኛውና ሦስተኛው በአንድነት ቢበላሹ ግን የምናውቀው የሁለቱ ድምር 13 መሆኑን ብቻ ነው። 4 እና 9 ይሁኑ፣ 5 እና 8 ይሁኑ፣ ወይም 6 እና 7 ይሁኑ ለመለየት የሚያስችል መንገድ የለም። መሣሪያው በእርግጥ የሚሠራው በመደመር ሳይሆን በዜሮና በአንድ ቁጥሮች ሆኖ፣ የአንዶቹ ብዛት ተጋማሽ ወይም ኢተጋማሽ መሆኑን በመመዝገብ ነው። መሠረተ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ሬይድ በልዩ ልዩ ደረጃ ይደራጃል። በብዛት የሚያጋጥሙት የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ ሬይድ 0፦ መረጃውን በዲስኮቹ ላይ ከፋፍሎ ይጽፋል እንጂ ምንም ማካካሻ የለውም። አንድ ዲስክ ቢበላሽ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ለመዝገብ ማስቀመጫ አይሆንም።

ለ/ ሬይድ 1፦ አንዱን መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል ይጽፋል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሙሉ ቅጂ ነው።

ሐ/ ሬይድ 5፦ ቢያንስ ሦስት ዲስኮች ያስፈልጉታል። የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለማካካሻ ይውላል፤ ማካካሻውም በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ሳይከማች በሁሉም ላይ ተበታትኖ ይጻፋል። የሚችለው የአንድ ዲስክን ብልሽት ብቻ ነው።

መ/ ሬይድ 6፦ ቢያንስ አራት ዲስኮች ያስፈልጉታል። የሁለት ዲስክ ያህል ቦታ ለማካካሻ ስለሚያውል የሁለት ዲስኮችን ብልሽት ይችላል።

ሠ/ ሬይድ 10፦ ዲስኮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ እያንዳንዱን ጥንድ እንደ ሬይድ 1 ይይዛል። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ አንድ ቢበላሽ ይችላል፤ የአንድ ጥንድ ሁለቱም ዲስኮች ከተበላሹ ግን ስብስቡ ይወድቃል።

ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ አራት ዲስኮች ቢኖሩ በሬይድ 5 የምንጠቀምበት ቦታ 12 ቴራባይት፣ በሬይድ 6 ወይም በሬይድ 10 ደግሞ 8 ቴራባይት ይሆናል።

በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይህን ሥራ የሚያካሂደው ኮንትሮለር የሚባል፣ የራሱ አንጎለ ኮምፒዩተርና የራሱ ጊዜያዊ ማኅደር ያለው ካርድ ነው። ኮንትሮለሩ በዲስኮቹ ላይ የሚጻፈውን መረጃ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ማኅደር ይይዛል። የኤሌክትሪክ ኃይል በድንገት ቢቋረጥ ይህ መረጃ እንዳይጠፋ ባትሪ ወይም ኃይል የሚያጠራቅም ሌላ ክፍል ተገጥሞለታል። ይህ ትንሽ ባትሪ ኋላ እንደምንመለከተው በምርመራ ጊዜ ከፍተኛ ትርጉም አለው።

3. የብልሽቱን ምንነት ስለ መለየት

በሰርቨሩ ፊት ለፊት ቢጫ ወይም ብርቱካናማ መብራት ሲበራ፣ ወይም የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲሰማ፣ ብዙ ሰው ወዲያውኑ «ዲስኩ ሞቷል» ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ኮንትሮለሩ አንድን ዲስክ ከሥራ የሚያወጣበት ምክንያት ከአንድ በላይ ስለሆነ፣ ሐኪም ትኩሳትን ብቻ አይቶ መድኃኒት እንደማያዝዝ ሁሉ እዚህም መንስኤውን መለየት ይቀድማል።

በመጀመሪያ የኮንትሮለሩን ቃላት ማወቅ ያስፈልጋል። ስብስቡ ሙሉ ጤነኛ ሲሆን «ኦፕቲማል» ይላል። ዲስክ ጎድሎበት ሥራውን ሲቀጥል «ዲግሬድድ»፣ ማለትም የተጓደለ፣ ይላል። ስለ አንድ ዲስክ «ፌይልድ» ሲል ኮንትሮለሩ ዲስኩን ከሥራ አስወጥቶታል ማለት ነው። «ሚሲንግ» ሲል ዲስኩን ጨርሶ አያየውም። «ፕሪዲክቲቭ ፌይለር» ሲል ዲስኩ ገና እየሠራ ቢሆንም በራሱ የጤና ቆጣሪ መሠረት ሊበላሽ መቃረቡን አስታውቋል። «ፎሪን» ሲል ደግሞ በዲስኩ ላይ የሬይድ አደረጃጀት ተጽፎ እያገኘ፣ ያ አደረጃጀት የራሱ መሆኑን አልተቀበለም ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ዲስኩ ከሌላ ሰርቨር የመጣ ሲሆን፣ ወይም ለጥቂት ጊዜ ግንኙነቱ ተቋርጦ ሲመለስ ይታያል።

ቀጥሎ የሚከተሉትን ልዩነቶች ማስተዋል ይጠቅማል።

አንድ ዲስክ ብቻ ከሥራ ከወጣና በመዝገቡ ላይ የንባብ ስሕተቱ በተደጋጋሚ ከታየ፣ ጥፋቱ የዲስኩ የራሱ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዲስኮች በአንድ ደቂቃ ውስጥ አብረው ከጠፉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአንድ ቤት ሰዎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ቢታመሙ የሚጠረጠረው አብረው የበሉት ምግብ እንደሆነ ሁሉ፣ ዲስኮቹ በጋራ የሚጠቀሙበት ነገር፣ ማለትም ገመዱ፣ የዲስኮቹ መሰኪያ ሰሌዳ፣ የኃይል አቅራቢው ወይም ኮንትሮለሩ ራሱ ይመረመራል። በአንድ ማስገቢያ ውስጥ የገባ ዲስክ በየጊዜው እየተበላሸ ተቀይሮ አዲሱም ከወደቀ፣ መጠርጠር ያለበት ማስገቢያው ነው።

ሰርቨሩ በድንገት እጅግ ዘገምተኛ ሆኖ ዲስኮቹ ሁሉ ጤነኞች ከሆኑ የኮንትሮለሩን ባትሪ መመልከት ይገባል። ባትሪው ሲደክም ብዙ ኮንትሮለሮች መረጃን በጊዜያዊ ማኅደራቸው ማቆየት ትተው በቀጥታ በዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራሉ። ይህ ለጥንቃቄ የተደረገ ነው እንጂ የዲስክ ብልሽት አይደለም፤ መፍትሔውም ባትሪውን መለወጥ ነው።

ሌላው በአገራችን በብዛት ሊያጋጥም የሚችለው፣ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር የተሠራ ርካሽ ዲስክ በሰርቨር ውስጥ መግባቱ ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ ለማንበብ አስቸጋሪ የሆነ ቦታ ሲያጋጥመው ብዙ ሰኮንዶች፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ ደጋግሞ ይሞክራል። ኮንትሮለሩ ግን ይህን ያህል አይታገሥም፤ ዲስኩ መልስ ስላልሰጠው እንደሞተ ቆጥሮ ያስወጣዋል። ለሬይድ የተሠሩት ዲስኮች በአብዛኛው 7 ሰኮንድ ያህል ሞክረው ሙከራውን በማቆም ስሕተቱን ለኮንትሮለሩ ስለሚያስታውቁ፣ ኮንትሮለሩ የጎደለውን ከሌሎቹ አስልቶ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ በግዥ ጊዜ የሚታየው ጥቂት የዋጋ ልዩነት በኋላ ከፍ ያለ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

4. የእርምጃው ቅደም ተከተል

በሬይድ 5 የተደራጀ ባለ አራት ዲስክ ሰርቨር አንድ ማለዳ «ዲግሬድድ» የሚል ማስታወቂያ አሳየ እንበል። ተማሪዎች ሊመረቁ አንድ ሳምንት ቀርቷል፤ የሬጅስትራር ሠራተኞችም ውጤት በማስገባት ላይ ናቸው። ሥራው አልቆመም፤ ፋይሉ ሁሉ ይከፈታል። አደጋውም በዚህ ላይ ነው፤ ሥራው ስላልቆመ ብልሽቱ ቀላል ይመስላል። በእርግጥ ግን ስብስቡ ማካካሻውን አሟጦ በመጠቀም ላይ ስለሆነ ከእንግዲህ አንድም ዲስክ ቢጎድል አይችልም። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የሚለው የአበው ብሂል የሚሠራው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ የሚከተለው ቅደም ተከተል እንዲጠበቅ ይመከራል።

ሀ/ እጅን መሰብሰብ። ዲስክ አይነቀል፤ ሰርቨሩም ጠፍቶ አይነሣ። ለዓመታት ያለማቋረጥ ሲሽከረከር የቆየ ያረጀ ዲስክ አንድ ጊዜ ከቆመ ተመልሶ ላይነሣ ይችላል።

ለ/ ማንበብና መመዝገብ። የኮንትሮለሩን ሁኔታ ሰርቨሩን ሳያጠፉ ማየት ይቻላል። ለምሳሌ በዴል ሰርቨሮች አይድራክ፣ በኤችፒኢ ሰርቨሮች ደግሞ አይሎ የሚባለው የርቀት መቆጣጠሪያ ይህን ያሳያል። የእያንዳንዱን ዲስክ የማስገቢያ ቁጥር፣ መለያ ቁጥር፣ ሁኔታ፣ የስሕተት ብዛትና ብልሽቱ የታየበትን ሰዓት በወረቀት ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። የኮንትሮለሩም የክንውን መዝገብ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጥ።

ሐ/ መጠባበቂያ ቅጂን ማረጋገጥ። የመጨረሻው ባክአፕ መቼ ተወሰደ? ይከፈታልን? ቅጂ ከሌለ ወይም ካረጀ፣ ዲስኩን ከመቀየር በፊት እጅግ አስፈላጊ የሆነው መረጃ፣ በምሳሌያችን የተመራቂዎቹ ውጤት፣ ወደ ሌላ መሣሪያ ይቀዳ። ዲስኩን ከቀየርን በኋላ የሚከተለው ሥራ የቀሩትን ዲስኮች እጅግ የሚያደክም ስለሆነ፣ ቅጂው ከዚያ በፊት መወሰዱ ግዴታ ነው።

መ/ መንስኤውን መለየት። በክፍል 3 በተገለጸው መሠረት ጥፋቱ የዲስኩ፣ የማስገቢያው ወይም የሌላ ክፍል መሆኑ ይመርመር።

ሠ/ ትክክለኛውን ዲስክ መለየት። በዚህ ደረጃ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ከሁሉም የከፋ ነው። ብዙ ሰርቨሮች ማስገቢያዎቻቸውን የሚቆጥሩት ከ0 ጀምረው ነው። ኮንትሮለሩ «ዲስክ 2 ተበላሽቷል» ሲል ሦስተኛውን ማለቱ ነው። ከ1 ጀምሮ የቆጠረ ሰው ግን ጤነኛውን ዲስክ 1 ይነቅላል፤ የተጓደለው ስብስብም በዚያችው ቅጽበት ይወድቃል። ስለዚህ ከኮንትሮለሩ ማሳያ ላይ የዲስኩን መለያ መብራት ብልጭ ድርግም እንዲል ማዘዝ፣ ቀጥሎም ከተቻለ ሁለተኛ ሰው ባለበት የማስገቢያውን ቁጥር በወረቀት ከተጻፈው ጋር ማመሳከር ይገባል። ከተነቀለ በኋላም የመለያ ቁጥሩ መታየት አለበት።

ረ/ መቀየር። አዲሱ ዲስክ ከቀድሞው ጋር አንድ ዓይነት ግንኙነት ያለው፣ መጠኑም እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። የሚሽከረከር ዲስክ በሚነቀልበት ጊዜ በመጀመሪያ ጥቂት ብቻ ሳብ አድርጎ ግማሽ ደቂቃ ያህል መጠበቅና መሽከርከሩን ሲያቆም ማውጣት ይገባል። ከፊት ለፊት የሚነቀሉ ዲስኮች ያሉት ሰርቨር ለዚህ ሲባል መጥፋት አያስፈልገውም።

ሰ/ መከታተል። ኮንትሮለሩ አዲሱን ዲስክ ተቀብሎ «ሪቢልድ»፣ ማለትም መልሶ ግንባታ፣ መጀመሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሥራው እስኪፈጸም ሰርቨሩን አለማጥፋትና ከባድ ሥራን ለሌላ ቀን ማቆየት ይመከራል። ሲፈጸምም ስብስቡ «ኦፕቲማል» ማለቱ ይታይና በመዝገብ ይጻፍ።

5. መልሶ ግንባታ ለምን አደገኛ ሆነ?

በመልሶ ግንባታ ጊዜ ኮንትሮለሩ የቀሩትን ዲስኮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ የጠፋውን በማስላት በአዲሱ ላይ ይጽፋል። የሚወስደውን ጊዜ በቀላል ሒሳብ መገመት ይቻላል። 4 ቴራባይት ማለት 4,000,000 ሜጋባይት ነው። በሰኮንድ 150 ሜጋባይት ቢጻፍ 26,667 ሰኮንድ ያህል፣ ይኸውም 7 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ይህ ሌላ ሥራ በሌለበት ነው፤ ሠራተኞች ሰርቨሩን እየተጠቀሙ ከሆነ ጊዜው እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ዲስኩ 16 ቴራባይት ቢሆን በዚያው ፍጥነት ወደ 30 ሰዓት ይጠጋል።

በዚህ ሁሉ ሰዓት ስብስቡ መከላከያ የለውም። የቀሩት ዲስኮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተበላሸው ጋር በአንድ ቀን የተገዙ፣ በአንድ ክፍል ሙቀት የኖሩ፣ እኩል ያረጁ ናቸው። ከዚህም ሌላ አምራቾች ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር በሚሠሩ ብዙ ዲስኮች መግለጫ ላይ፣ ከ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ ውስጥ እስከ አንድ የሚደርስ የማይነበብ ስሕተት ሊያጋጥም እንደሚችል ይገልጻሉ። በምሳሌያችን ሦስቱን ዲስኮች ማንበብ 12 ቴራባይት፣ ማለትም 96 ትሪሊዮን ቢት ነው። ይህ ስሕተቱ የግድ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን መግለጫው ዋስትና ከሚሰጥበት ወሰን ጫፍ ላይ መድረሳችንን ያመለክታል። ለሰርቨር የሚሠሩ ዲስኮች ግን በአብዛኛው ቢያንስ አሥር እጥፍ የተሻለ መግለጫ አላቸው። ትላልቅ ዲስኮች ባሉበት ሬይድ 5ን ትቶ ሬይድ 6ን ወይም ሬይድ 10ን መምረጥ የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

አደጋውን አስቀድሞ ለመቀነስ ብዙ ኮንትሮለሮች «ፓትሮል ሪድ» የሚባል አገልግሎት አላቸው። ይህም ዲስኮቹን በእረፍት ሰዓት በየጊዜው አንብቦ የማይነበቡ ቦታዎችን ማካካሻው ሙሉ እያለ ያርማል። አገልግሎቱ እንዳይዘጋ መቆጣጠር ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

6. ሁለተኛው ዲስክ ከወደቀ

በሬይድ 5 ሁለተኛ ዲስክ ከወደቀ ስብስቡ ሥራውን ያቆማል። በዚህ ጊዜም ቢሆን መረጃው ጨርሶ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ሁለተኛው ዲስክ በግንኙነት መቋረጥ ብቻ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ኮንትሮለሩ በማሳያው ላይ ልዩ ልዩ አማራጮች ያቀርባል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ መረጃውን የሚደመስሱ ናቸው። «ኢኒሺያላይዝ» ስብስቡን ባዶ አድርጎ ለአዲስ ሥራ ያዘጋጃል። «ክሊር» በ«ፎሪን» ዲስክ ላይ ያለውን የአደረጃጀት ማስታወሻ ይሰርዛል። «ኢምፖርት» ግን ማስታወሻውን ተቀብሎ ስብስቡን ለማስነሣት ይሞክራል። ትርጉማቸውን ሳያውቁ «እሺ» ማለት በማይታወቅ ውል ላይ እንደ መፈረም ነው።

በተለይ የሚያስፈልገው የትኛው ዲስክ አስቀድሞ እንደወደቀ ማወቅ ነው። አንደኛው ዲስክ ከሦስት ወር በፊት ወድቆ ሳይታወቅ ከቆየ በላዩ ያለው መረጃ የሦስት ወር አሮጌ ነው፤ ዛሬ የወደቀው ግን አዲሱን ይዟል። አሮጌው ዲስክ በግዴታ ወደ ሥራ ቢመለስ የጥንቱና የዛሬው መረጃ ይደባለቅና ፋይሎቹ ይበላሻሉ። በሁለተኛው የእርምጃ ደረጃ ላይ ሰዓቱ በወረቀት እንዲጻፍ ያሳሰብነው ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲያጋጥም እያንዳንዱ ዲስክ የማስገቢያው ቁጥር ተለጥፎበት፣ ምንም ሳይጻፍበት፣ በሙያው የሠለጠነ ሰው በቅድሚያ የእያንዳንዱን ዲስክ ሙሉ ቅጂ ወስዶ በቅጂው ላይ እንዲሠራ ማድረግ ይገባል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ከዲስክ የፈሰሰ መረጃ ግን አይለቀምም።

7. ዲስኮች በአንድነት ሲወድቁ፤ የ2019 ማስታወቂያ

ሬይድ የሚያገለግለው ዲስኮች በተለያየ ጊዜ ይበላሻሉ በሚል ግምት ነው። ይህ ግምት የማይሠራበት ጊዜ እንዳለ አንድ የታወቀ ምሳሌ ያስረዳል። ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ለደንበኞቹ ባወጣው ማስታወቂያ፣ አንዳንድ የኤስኤስዲ ዲስኮች በውስጣቸው ባለው ፈርምዌር ጉድለት የተነሣ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ እንደሚቆሙና ዲስኩም መረጃውም ተመልሶ እንደማይገኝ ገለጸ። ይህም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። 32,768 አሥራ አምስት ሁለቶች እርስ በርሳቸው ሲባዙ የሚገኝ ቁጥር መሆኑን የሒሳብ መምህራን ወዲያው ያስተውላሉ። አዎንታዊና አሉታዊ ቁጥሮችን በ16 ቢት የሚይዝ ቆጣሪ የሚደርስበት ከፍተኛ ቁጥር 32,767 ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ደግሞ በሌሎች ዲስኮች ላይ በ40,000 ሰዓት ስለሚደርስ ተመሳሳይ ጉድለት ማስታወቂያ ወጥቷል። ለሁለቱም መፍትሔው ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት ፈርምዌሩን ማደስ ነበር።

በአንድ ቀን የበሩ አራት እንዲህ ያሉ ዲስኮች በአንድ ቀን ይቆማሉ። ሬይድ 5ም ሆነ ሬይድ 6 በዚህ ጊዜ ምንም አይረዳም። የሚረዳው አምራቹ የሚያወጣውን ማስታወቂያ ተከታትሎ የሚያነብ ሰውና በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ነው።

8. ለመምህራንና ለፕላን ባለሙያዎች የቀረበ አስተያየት

ከላይ ከተገለጸው እንደሚታየው ሬይድ ሥራ እንዳይቋረጥ የሚያደርግ መሣሪያ ነው እንጂ የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። አንድ ሠራተኛ ፋይል በስሕተት ቢሰርዝ ሬይድ ስረዛውን በሁሉም ዲስኮች ላይ በታማኝነት ይፈጽማል። በእሳት፣ በሌብነትና በኮምፒዩተር ቫይረስም ላይ መከላከያ አይሆንም። ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች በዕቅድና በበጀት እንዲታሰቡ አስተያየት ይቀርባል።

ሀ/ ሰርቨር ሲገዛ ቢያንስ አንድ ተጠባባቂ ዲስክ አብሮ ይገዛ። ዲስኩ ከተበላሸ በኋላ የግዥ ሥርዓት ቢጀመር ስብስቡ ተጓድሎ የሚቆየው ለሰዓታት ሳይሆን ለሳምንታት ይሆናል። ግዥው የሚፈጀው እያንዳንዱ ቀን የአደጋው ዕድሜ መሆኑን የፕላን ባለሙያው ሊያስብበት ይገባል።

ለ/ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ የሚለው የታወቀ ደንብ ይጠበቅ። በየመንፈቀ ዓመቱም ከቅጂው ላይ ጥቂት ፋይሎች ተከፍተው ይሞከሩ፤ ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

ሐ/ ኃይል ሲቋረጥ ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ የሚያስችል ዩፒኤስ ይኑር፤ የዩፒኤሱና የኮንትሮለሩ ባትሪዎችም ዕድሜ በመዝገብ ይያዝ።

መ/ የሰርቨሩን መብራትና የኮንትሮለሩን ማስታወቂያ በየሳምንቱ አይቶ የሚፈርም አንድ ሰው በስም ይመደብ። የመጀመሪያው ዲስክ መውደቅ ለወራት ሳይታወቅ መቆየቱ የሁለተኛውን አደጋ ያመቻቻልና።

ሠ/ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የኮምፒዩተር ትምህርት ውስጥ የማካካሻው ሒሳብ በሰሌዳ፣ የዲስክ መቀየር ልምምድ ደግሞ ከአገልግሎት በወጣ ሰርቨር ላይ ቢሰጥ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሠልጣኞች ሆን ተብሎ በተጓደለ ስብስብ ላይ ቅደም ተከተሉን ቢለማመዱ፣ እውነተኛው ቀን ሲመጣ እጃቸው አይቸኩልም።

9. ማጠቃለያ

ዲስክ የሚያረጅና የሚበላሽ ዕቃ ስለሆነ መበላሸቱ እንደ እንግዳ ነገር ሊታይ አይገባም። ሬይድም የተፈለሰፈው ይህንኑ አስቀድሞ በመገመት ነው። ሥርዓቱ ለተቋሙ የሚሰጠው ስጦታ ጊዜ ነው፤ ይኸውም ለማንበብ፣ ለመመዝገብ፣ ቅጂ ለመውሰድና ትክክለኛውን ዲስክ ለመለየት የሚበቃ ጊዜ። ይህን ጊዜ በዚህ ተግባር ያዋለ ተቋም ብልሽቱን በአንድ ዲስክ ዋጋ ያልፈዋል። በችኮላ ያባከነው ግን የብዙ ዓመት ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ ሊያጣ ይችላል። በሰርቨሩ ክፍል ግድግዳ ላይ የክፍል 4ን ሰባት ነጥቦች በትልልቅ ፊደል ጽፎ መለጠፍ ለዚህ ሥራ መልካም ጅምር ይሆናል።